አመዛዛኝ ድርሰትን ስለ ማስተማር፦ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ክርክር እንደ ማሳያ

መግቢያ

የአማርኛ ድርሰት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ሆነ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሲሰጥ፣ ተራኪውና ገላጩ ድርሰት የሚገባቸውን ቦታ ሲያገኙ ይታያል። አመዛዛኝ ወይም አሳማኝ የሚባለው የድርሰት ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ ትርጓሜው ተነግሮ፣ ርእስ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ወረቀቱም ተሰብስቦ በዚያው የሚያበቃ ነው። ተማሪው አቋሙን እንዲገልጽ ይጠየቃል እንጂ አቋሙ ከማን ጋር እንደሚያከራክረው፣ ባላጋራውም ምን እንደሚል እንዲያውቅ አይጠየቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሠልጣኞች በዓለም ላይ የሚያከራክር አንድ ጉዳይ መርጠው አሳማኝ ድርሰት እንዲያቀርቡ አዝዤ ነበር። አንድ ሠልጣኝ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመቃወም የጻፈውን ቆሞ አነበበ። ቋንቋው የተዋበ፣ ድምፁም የሚስብ ስለ ነበረ ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበለው። ጭብጨባው ሲያበቃ፣ «ይህን ጋብቻ በሕግ የፈቀደ የአንድ አገር ዳኛ እዚህ ተቀምጦ ቢያዳምጥህ ኖሮ፣ ከጻፍካቸው ዓረፍተ ነገሮች መካከል ለመመለስ የሚቸገርበት የትኛው ነው?» ስል ጠየቅሁት። ሠልጣኙ ወረቀቱን ሲመለከት ቆየና፣ «መምህር፣ እነርሱ ምን እንደሚሉ እኮ አላውቅም» ሲል በቅንነት መለሰልኝ።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ መልስ ነው። ዓላማውም አመዛዛኝ ድርሰት በክፍል ውስጥ እንዴት ደረጃ በደረጃ ሊሰጥ እንደሚችል፣ ሠልጣኙ ራሱ ባነሣው በዚሁ አስቸጋሪ ርእስ አማካይነት ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት ዐቃጆች ማስረዳት ነው። ጽሑፉ ስለ ጉዳዩ ፍርድ ለመስጠት የታሰበ አይደለም። የሚመረምረው፣ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ሲከራከሩ የክርክራቸው አሠራር ምን እንደሚመስልና ተማሪው ከዚያ ምን ሊማር እንደሚችል ነው።

1. የሙግት ባህላችንና የክፍሉ ድርሰት

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል እንደሚያመለክተው፣ ነገርን አሳምሮና አስተካክሎ ማቅረብ በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። በቀድሞው ዘመን «በላ ልበልሃ» በሚባለው የሙግት ስልት ተሟጋቾች በዳኛና በሸንጎ ፊት ቆመው ይከራከሩ ነበር። ተሟጋቹ የሚመሰገነው በቃላት ውበት ብቻ አልነበረም። ባላጋራው ያነሣውን ነጥብ አንሥቶ፣ በዚያው በራሱ ነጥብ ላይ መልስ ሲሰጥ ሰሚው ጥበቡን ያደንቅለት ነበር። ያልተመለሰ ነጥብ እንደ ሽሽት ይታያል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚሰጠው የአንድምታ ትርጓሜም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ልማድ አለው። መምህሩ አንዱን ቃል ከፈታ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን አፈታት ያስከትላል። ደቀ መዝሙሩም አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ይዞ እንዲገኝ ይጠበቅበታል።

እንግዲህ ተቃራኒውን ሐሳብ ማወቅ ከውጭ የመጣብን አዲስ ሥርዓት አይደለም። በክፍል ውስጥ ግን ይህ ልማድ ሲደክም እንታዘባለን። ተማሪው የሚጽፈው ቀድሞውኑ ለሚስማማው ሰው ስለ ሆነ፣ ድርሰቱ ሙግት መሆኑ ይቀርና ሁሉም አብሮ የሚያዜመው ዜማ ይሆናል። በመግቢያው የተጠቀሰው ጭብጨባ የዚህ ምልክት ነበር።

2. ርእሱ ለምን ተመረጠ?

የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 በኔዘርላንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ35 በላይ በሆኑ አገሮች ተፈቅዷል። ከአፍሪካ የፈቀደችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ስትሆን፣ ይኸውም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2005 በሰጠው ውሳኔ መነሻነት በ2006 በወጣ ሕግ ነው። በሌላ በኩል፣ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ መሆኑን በሕገ መንግሥታቸው የደነገጉ አገሮች አሉ። ድርጊቱን በወንጀል የሚቀጡም ብዙዎች ናቸው። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ ሲደነግግ ወንዶችንና ሴቶችን ይጠቅሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ያስቀጣል። በኅብረተሰቡም ዘንድ፣ በክርስትናም ሆነ በእስልምና፣ ተቃውሞው የጸና ነው።

ታዲያ ርእሱ ለምን ይነሣል? ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ሠልጣኞች ራሳቸው ስለሚያነሡት ነው። በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልካቸው ላይ ወሬው ይደርሳቸዋል። መምህሩ ባያነሣውም በድርሰታቸው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው፣ በሌሎች አገሮች የተካሄደው ክርክር በፍርድ ቤት ውሳኔና በሕዝበ ውሳኔ የሁለቱም ወገኖች ሐሳብ በጽሑፍ ሰፍሮ የሚገኝበት በመሆኑ፣ ለክርክር ትምህርት የተመቸ ማሳያ ስለ ሆነ ነው። አንድን ክርክር ከውጭ ቆሞ መመርመር የሚቻለው ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን በሚገባ ጽፈው ሲያኖሩ ነው።

ይህ ርእስ ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች የሚሆን አይደለም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ለኮሌጅ ሠልጣኞች የተዘጋጀ የንባብና የትንተና ልምምድ ነው። ሠልጣኞቹ ነገ በክፍላቸው የሚጠቀሙበት ስልቱን እንጂ ርእሱን አይደለም።

3. የክርክሩን ቋጠሮ ስለ መለየት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የክርክር ሥሩ የሚገኘው፣ ሁለቱ ወገኖች እስከ የት አብረው ሄደው በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚለያዩ ሲታወቅ ነው። ይህን ነጥብ ቋጠሮ ብለን እንጠራዋለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ የንግግር ጥበብ መምህር ኸርማጎራስ ማንኛውንም ሙግት በአራት ጥያቄዎች ከፍሎ ያስተምር ነበር። እነዚህን ጥያቄዎች ለያዝነው ጉዳይ ስናውላቸው የሚከተለውን መልክ ይይዛሉ።

ሀ) የእውነታ ጥያቄ፦ ምን ሆነ? ወይም ምን ይሆናል? ለምሳሌ፣ በተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ቤት የሚያድጉ ልጆች ከሌሎች ልጆች በጤናም ሆነ በትምህርት ይለያሉን?

ለ) የምንነት ጥያቄ፦ ጋብቻ ማለት ምን ማለት ነው? በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ቃል ኪዳን ነውን? ወይስ እናትንና አባትን ከሚወለደው ልጅ ጋር የሚያስተሳስር ተቋም?

ሐ) የፍትሕ ጥያቄ፦ ምን ተገቢ ነው? መንግሥት ለአንዱ የሚሰጠውን መብት ለሌላው ቢነፍግ በምን ምክንያት ነው?

መ) የሥልጣን ጥያቄ፦ የሚወስነው ማን ነው? ፍርድ ቤት፣ የሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ወይስ ሕዝቡ በቀጥታ?

ሠልጣኞች በሚያቀርቧቸው ድርሰቶች ውስጥ እነዚህ አራቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። አንዱ አንቀጽ ስለ ልጆች ደኅንነት ይጀምርና መረጃ ሳያቀርብ ስለ ጋብቻ ትርጉም ይናገራል። ከዚያም ምዕራባውያን ባህላቸውን በእኛ ላይ ሊጭኑ አይገባም በማለት ወደ ሥልጣን ጥያቄ ይሻገራል። እያንዳንዱ ሐሳብ ለብቻው ሊያከራክር የሚችል ሆኖ ሳለ፣ አንዱም ሳይብራራ ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ መጻፍ ሳይሆን መለየት መሆን አለበት። ሠልጣኙ በአንድ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም መ እያለ ምልክት ያደርጋል። ይህ ቀላል ሥራ ቢመስልም የማመዛዘን መጀመሪያ ነው።

4. አንድ ፍርድ፣ ሁለት ጽሑፎች

ለንባብ የሚሆነው ዋናው ማሳያ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2015 «ኦበርገፌል እና ሆጅስ» በተባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። አቤቱታ አቅራቢዎቹ ከሚሺጋን፣ ከኬንታኪ፣ ከኦሃዮና ከቴነሲ የመጡ ነበሩ። ጉዳዩ በስሙ የተጠራው ጄምስ ኦበርገፌል የኦሃዮ ነዋሪ ሲሆን፣ በጽኑ ሕመም ላይ ከነበረ ጓደኛው ጋር በ2013 ጋብቻው በሚፈቀድበት በሜሪላንድ ተጋብቶ ነበር። ጓደኛው በሚሞትበት ጊዜ በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ የትዳር ጓደኛ ተብሎ እንዲመዘገብ ጠየቀ፤ የኦሃዮ ሕግ ግን አይፈቅድም ነበር። ዘጠኙ ዳኞች 5 ለ 4 ተከፈሉ። የአብላጫውን ሐሳብ ዳኛ አንተኒ ኬነዲ ጻፉ። በሐሳብ የተለዩት አራቱም ዳኞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጽሑፍ አቀረቡ፤ ከእነርሱም አንዱ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ነበሩ።

የዳኛ ኬነዲ ክርክር በአጭሩ ሲቀርብ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ ማንም ሰው ያለ አግባብ ነፃነቱን እንዳያጣና የሕግ እኩል ጥበቃ እንዲያገኝ ያዛል። ጋብቻ ደግሞ ከመሠረታዊ ነፃነቶች አንዱ መሆኑን ፍርድ ቤቱ ከዚህ ቀደም ወስኗል። ይህንንም በ1967 የጥቁርና የነጭ ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን በሻረበት ውሳኔ አሳይቷል። መብቱ መሠረታዊ የሆነበት ምክንያትም አራት ነው፦ የግል ሕይወት ምርጫ መሆኑ፣ ሁለት ሰዎችን የሚያስተሳስር ልዩ ቃል ኪዳን መሆኑ፣ ልጆችንና ቤተሰብን የሚጠብቅ መሆኑ፣ የማኅበራዊው ሥርዓት መሠረት መሆኑ። እነዚህ ምክንያቶች ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችም እኩል ይሠራሉ፤ ስለሆነም ሊከለከሉ አይገባም የሚል ነው።

ዳኛ ሮበርትስ ሲመልሱ፣ ጥንዶቹ የሚያቀርቡት የፍትሕ ጥያቄ ብርቱ መሆኑን አልካዱም። ቋጠሮውን ግን ወደ ሌላ ስፍራ አዛወሩት። ሕገ መንግሥቱ ስለ ጋብቻ ትርጉም አልተናገረም፤ ስለዚህ ትርጉሙን ሊለውጥ የሚችለው በየክፍለ ግዛቱ የሚከራከረውና የሚመርጠው ሕዝብ እንጂ አምስት ዳኞች አይደሉም አሉ። የ1967ቱ ውሳኔም የዘር ገደብን አነሣ እንጂ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው የሚለውን መሠረት አልነካም ሲሉ ንጽጽሩን ተቃወሙ። ከዚህም በላይ፣ የአብላጫው ምክንያት ከተያዘ ጋብቻ ለምን በሁለት ሰዎች ብቻ ይወሰናል? የሚል ጥያቄ አነሡ።

ሠልጣኞች እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። አብላጫው በዋነኛነት የፍትሕ ጥያቄን፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በዋነኛነት የሥልጣንና የምንነት ጥያቄን ይዘዋል። ሁለቱም አልተሳደቡም። ሁለቱም የባላጋራቸውን ጠንካራ ነጥብ ጠቅሰው መልስ ሰጥተዋል። በመካከላቸው ያለው የ1967ቱ ንጽጽርም ምሳሌ ሁለት ጠርዝ እንዳለው ያሳያል። አንዱ ወገን የሚመሳሰሉበትን፣ ሌላው የሚለያዩበትን ያወጣል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብንልም፣ ምሳሌው የሚጸናው መመሳሰሉ በተያዘው ነጥብ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

5. ማስረጃን ስለ መመዘን

የእውነታ ጥያቄ በማስረጃ እንጂ በድምፅ ጉልበት አይመለስም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው፣ ቀደም ሲል ከተጠቀሱት አቤቱታዎች አንዱ በሚሺጋን የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2014 ሲሰማ የቀረበው የምሁራን ምስክርነት ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ጥናት ተመራማሪ የሆኑት ማርክ ሬግነረስ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከወላጆቻቸው አንዱ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የነበረው ሰዎች በብዙ መለኪያ ዝቅ ብለው መገኘታቸውን ገልጸው ነበር። ተቺዎች ግን ንጽጽሩ ትክክል አይደለም አሉ። አንደኛው ቡድን በአብዛኛው ቤተሰባቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚነጻጸሩት ወላጆቻቸው ሳይለያዩ ካሳደጓቸው ጋር ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ ከወላጅ ጾታ ይሁን ከትዳር መፍረስ አይለይም የሚል ነበር። ዳኛውም ምስክርነቱን አልተቀበሉትም። ይሁንና የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በዚያው ዓመት ሻረው፤ ጉዳዩም በዚህ መንገድ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ።

ተቃዋሚዎቹም በበኩላቸው፣ ልዩነት የለም ከሚሉት ቀደምት ጥናቶች ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የቀረቡ ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ የመረመሩ መሆናቸውን አንሥተዋል። ይህም ተገቢ ትችት ነው። ከዚህ ሠልጣኙ ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ሊወጣ ይገባል፦ የሚነጻጸሩት ነገሮች እኩያዎች ናቸውን? የተመረመሩት ሰዎች በቁጥርም በአመራረጥም ለሌሎች ሊናገሩ ይችላሉን? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ስለ ማዳበሪያም፣ ስለ ትምህርት ቤት ምገባም፣ ስለ ማንኛውም ጉዳይ በሚጻፍ ድርሰት ውስጥ ያገለግላሉ።

6. ሰሚው ማን ነው?

ለዳኛ የሚቀርብ ክርክርና ለመራጭ ሕዝብ የሚቀርብ ክርክር አንድ አይደሉም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2015 ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ፣ ድምፅ ከሰጡት 62 በመቶ ያህሉ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ደገፉ። በሕዝብ ድምፅ የፈቀደች የመጀመሪያዋ አገርም ሆነች። በክሮኤሽያ ደግሞ በታኅሣሥ 1 ቀን 2013 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ፣ ድምፅ ከሰጡት ወደ 66 በመቶ የሚጠጉት ጋብቻ የወንድና የሴት እንደ ሆነ በሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ወሰኑ። ለድምፅ መስጫ የወጡት ግን ከመራጮች 38 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ሁለቱም አገሮች በካቶሊክ እምነት የሚታወቁ ሲሆኑ፣ ያንኑ የሥልጣን መንገድ ተከትለው ተቃራኒ ውሳኔ ላይ ደረሱ። እንግዲህ «ሕዝቡ ይወስን» የሚለው ክርክር ውሳኔው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አይነግረንም።

በአየርላንድ ደጋፊዎቹ በብዛት የተናገሩት ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ እኅት ወንድሞቻቸውና ስለ ጎረቤቶቻቸው ነበር። ተቃዋሚዎቹም ልጅ እናትና አባት ያስፈልገዋል በማለት የቤተሰብን ነገር አንሥተዋል። መንግሥት ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን ደግሞ ወደየትኛውም ሳያደላ የሚሻሻለው አንቀጽ ምን እንደሚል ለሕዝቡ ያስረዳ ነበር። በክፍል ውስጥ መምህሩ ሊይዘው የሚገባው ቦታ የዚህን ኮሚሽን ቦታ የመሰለ ነው።

7. ከንባብ ወደ ጽሕፈት

ከዚህ በኋላ ሠልጣኙ ወደ መጻፍ ይሸጋገራል። የአንድ አሳማኝ አንቀጽ አካላት አምስት ናቸው፦ አቋም፣ ምክንያት፣ ማስረጃ፣ ምክንያቱን ከአቋሙ ጋር የሚያገናኘው ሐሳብ፣ በመጨረሻም ለተቃራኒው ነጥብ የሚሰጥ መልስ። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ቀጥለው የቀረቡትን የደካማ አንቀጽ ናሙናዎች እንመልከት።

ናሙና 1፦ «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ መጥፎ ነገር ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚደግፉትም ከመንገድ የወጡ ናቸው።»

ናሙና 2፦ «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚቃወሙ ሁሉ ኋላ ቀሮች ናቸው። ዘመኑ ተለውጧል። ስለዚህ ሊፈቀድ ይገባል።»

አቋማቸው ተቃራኒ ቢሆንም ጉድለታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሰውን እንጂ ሐሳብን አልነኩም። የመጀመሪያው በብዙኃን እምነት፣ ሁለተኛው በዘመን ላይ ተደግፏል። የብዙዎች ማመንም ሆነ የዘመን መለወጥ ለብቻው ምክንያት አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱ ተሻሽለው ቀርበዋል።

ናሙና 1 ሲሻሻል፦ «መንግሥት ጋብቻን የሚመዘግበው ሁለት ሰዎች ስለ ተዋደዱ አይደለም። ብዙ ወዳጅነቶች አሉ፤ መንግሥት ግን አይመዘግባቸውም። የሚመዘግበው ከወንድና ከሴት ኅብረት ልጅ ስለሚወለድና ልጁን ከእናቱም ከአባቱም ጋር የሚያስተሳስር ሕግ ስለሚያስፈልግ ነው። ልጅ የማይወልዱ ባልና ሚስትም ይጋባሉ የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ሕግ የሚወጣው ለአጠቃላዩ ሁኔታ ነው፤ የእያንዳንዱን ጥንድ መውለድና አለመውለድ መመርመርም የመንግሥት ሥራ አይደለም።»

ናሙና 2 ሲሻሻል፦ «ሕግ ጋብቻን የሚጠብቀው ለልጅ ብቻ አይደለም። ባልና ሚስት በሕመም ጊዜ እንዲጠባበቁ፣ በሞትም ጊዜ የቀረው እንዳይጣል ውርስን፣ ጡረታንና የቤተሰብ ውሳኔን ያያይዝበታል። እነዚህ ችግሮች የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችንም ያገኟቸዋል፤ ከእነርሱም ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። የጋብቻ ትርጉም ጥንታዊ ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ሚስት በባልዋ ሥልጣን ሥር ናት የሚለውም ጥንታዊ ነበር፤ በብዙ አገሮች ሲሻር ጋብቻ አልጠፋም።»

አንባቢው ከሁለቱ በየትኛውም ሊስማማ ወይም በሁለቱም ላይ ተጨማሪ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ለትምህርቱ የሚበጀው እያንዳንዱ አንቀጽ ሊመለስለት የሚችል ሐሳብ መያዙ ነው። ስድብ መልስ የለውም፤ ስለዚህም ክርክሩን ወደ ፊት አያራምደውም።

8. ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ይህን ልምምድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰጠሁበት ጊዜ ያደረግሁትን ስሕተት መግለጽ ይገባኛል። የዳኛ ኬነዲን ሐሳብ አሳጥራ እንድታቀርብ አንዲት ሠልጣኝ በክፍሉ ፊት መደብሁ። ሥራዋን በሚገባ ሠርታ ስታቀርብ ከኋላ የተቀመጡ ሳቁ። ከክፍል ሲወጡም ሐሳቡ የራስዋ እንደ ሆነ አድርገው ያወሩባት ጀመር። ለብዙ ቀናት ብቻዋን ስትቀመጥ አየሁ። ጉዳዩን በክፍሉ አንሥቼ ብመክርም፣ የተነገረው ቃል ቶሎ አልተረሳም። ጥፋቱ ከሳቁት ይልቅ የእኔ ነበር፤ አንዲትን ሰው ብቻ ለይቼ ለሐሜት አጋልጫታለሁና።

ከዚያ ወዲህ የሚከተሉትን እጠብቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሁለቱንም ወገኖች ሐሳብ አሳጥሮ ይጽፋል፤ ስለዚህ ማንም ለብቻው አይለይም። ሁለተኛ፣ ሐሳብን ማቅረብ ሐሳብን ማመን አለመሆኑን ከመጀመሪያው እናገራለሁ። ሦስተኛ፣ ማንም ሠልጣኝ ስለ ግል ሕይወቱ እንዲናገር ወይም ስለ ሌላው እንዲጠቁም አይጠየቅም፤ ቢጀምርም እንዲያቆም ይደረጋል። በማንኛውም ክፍል ውስጥ ጉዳዩ በቅርብ የሚነካው ሰው ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል መምህሩ ሊዘነጋ አይገባውም። በአገራችን እንዲህ ያለ ወሬ በሰው ኑሮ ላይ፣ አንዳንዴም በደኅንነቱ ላይ፣ የሚያመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። አራተኛ፣ የእምነት ምክንያት የሚያቀርብ ሠልጣኝ አይከለከልም። ሆኖም እምነቱን የማይጋራ ሰው ሊመዝነው የሚችል ተጨማሪ ምክንያት እንዲፈልግ ይመከራል። አምስተኛ፣ ለመጨረሻው ድርሰት ርእሱን ለመለወጥ የሚፈልግ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይፈቀድለታል።

በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ያንኑ ስልት በአገራችን የጋብቻ ሕግ ታሪክ ላይ ማዋል ይቻላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። ልጅ ሳለች የተዳረች ሴት ምን ይደርስባታል? የሚለው የእውነታ ጥያቄ ነው። የጋብቻ ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው? የሚለው የምንነት ነው። ወንድና ሴት ለምን በዕድሜ ይበላለጣሉ? የሚለው የፍትሕ ነው። ወላጅ ወይስ ሕግ ይወስን? የሚለው ደግሞ የሥልጣን ነው። ተማሪው አራቱንም ጥያቄዎች በሚያውቀው ሰፈርና ቤተሰብ ውስጥ ያገኛቸዋል።

9. የጊዜ አመዳደብና አስተራረም

ልምምዱ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፦ አንዱ ለንባብ፣ አንዱ የሁለቱን ወገኖች ሐሳብ አሳጥሮ ለመጻፍ፣ አንዱ ቋጠሮውን ለመለየት፣ አንዱ ለመጀመሪያው ረቂቅ፣ አንዱ ረቂቅን ተለዋውጦ ለማንበብ፣ የመጨረሻው እንደገና ለመጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠዋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ይሁን እንጂ ተማሪው በእርግጥ የሚማርበት ክፍለ ጊዜም እርሱ ነው።

ከ20 ነጥብ የሚሰጠው ውጤት እንደሚከተለው ቢከፋፈል ይበጃል፦ አቋምን በግልጽ ለማስቀመጥ 3፣ ለምክንያትና ለማገናኛው ሐሳብ 5፣ ለማስረጃ 4፣ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በታማኝነት አቅርቦ ለመመለስ 5፣ ለቋንቋና ለሥርዓተ ነጥብ 3። ለአቋሙ ለራሱ ምንም ነጥብ አይሰጥም፤ አይቀነስምም። ተማሪው መምህሩን ለማስደሰት ሲል አቋም እንደማይመርጥ የሚያረጋግጥለት ይህ ነው።

መደምደሚያ

በመግቢያው የተጠቀሰው ሠልጣኝ ሁለቱን ጽሑፎች ካነበበ በኋላ ድርሰቱን እንደገና ጻፈ። አቋሙ አልተለወጠም፤ እንዲለወጥም አልተጠየቀም። ነገር ግን አዲሱ ድርሰቱ የሚጀምረው የሌላው ወገን ምን እንደሚል በመግለጽ ነበር። ይህንም ያደረገው ሌላው ወገን ራሱ ቢያነበው «አዎን፣ የምለው ይህን ነው» ሊል በሚችልበት ሁኔታ ነው። ከዚያም ቋጠሮውን በምንነት ጥያቄ ላይ አሥሮ መልሱን ሰጠ። በዚህኛው ጊዜ አላጨበጨቡለትም። ሲጨርስ ሦስት እጆች ለጥያቄ ተነሡ፤ እርሱም ሦስቱንም መለሰ።

የሥርዓተ ትምህርት ዐቃጆች የአመዛዛኝ ድርሰትን ምዕራፍ ሲያዘጋጁ፣ ከትርጓሜና ከርእስ ዝርዝር በተጨማሪ ሁለት ነገሮችን እንዲያስገቡ በትሕትና እናሳስባለን፦ የሁለት ተቃራኒ ወገኖችን ጽሑፍ ጎን ለጎን ለማንበብ የሚያስችል ክፍልና ድርሰትን እንደገና ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ። ሠልጣኙ ነገ መምህር ሆኖ በአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ሲቆም፣ የውኃ ጉድጓድ የት ይቆፈር ወይም ልጃገረዲቱ ትዳር ወይስ ትማር በሚል ጉዳይ ላይ ከማኅበረሰቡ ጋር ይከራከራል። ያን ጊዜ ባላጋራው ምን እንደሚል ማወቁና በዚያው ላይ በአክብሮት መልስ መስጠት መቻሉ ይጠቅመዋል።